ውሃ በ94 ዲግሪ በሚፈላበት ከተማ፦ የ60 እንቁላል ጉዳይ

ራሳችን በሠራነው የእንቁላል መፈልፈያ ማሽን 60 እንቁላል አስገባን። በ21ኛው ቀን አንድም ጫጩት አልወጣም። በ24ኛው ቀን አራት ወጡ፤ ሁለቱ ሳይመሽ ሞቱ።

ይህ የጉዳይ ጥናት ስለዚያ ነው። ጅማ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት የሚሰበሰብ ማሽንና መሣሪያ በእጁ የሚሠራ አንድ ትንሽ የሠሪዎች («ሜከሮች») ቡድን አለ፤ እኔም አለሁበት። የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። እዚያ ቤት ትልቁም ትንሹም «ቲቸር» ነው የሚለኝ። እንዲህ ያለ ቡድን ውስጥ መግባት ምን ማለት እንደሆነ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው። ድሮ ስለ ሮቦትና ስለ ኮዲንግ አወራለት ነበር። አሁን የማወራው ስለ እነዚያ እንቁላሎች ነው። የሆነውን ሁሉ፣ የእኔንም ጥፋት ጨምሬ፣ እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

ቤቱና ሰዎቹ

የምንሰበሰበው በአንድ አናጢ ቤት ጓዳ ነው። አናጢው ሀጂ ናቸው። በስማቸው የሚጠራቸው የለም፤ ሰፈሩ ሁሉ ሀጂ ነው የሚላቸው። ጓዳው ቀድሞ የጣውላ ማከማቻ ነበር። ስንገባበት ሰጋቱራው ቁርጭምጭሚት ይደርስ ነበር። አሁን ሁለት ረጃጅም ጠረጴዛ፣ አንድ መበየጃ፣ ሁለት ቴስተር አለን። ፒንሳና ካቻቢቴው ግድግዳው ላይ በምስማር ተንጠልጥሏል። ዕቃ የወሰደ ሰው በሩ ላይ በሲባጎ በታሰረው ደብተር ስሙን ይጽፋል።

ሰዎቹ ድብልቅ ናቸው። ከኪቶ ፉርዲሳ፣ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ፣ አራት አምስት ተማሪዎች ይመጣሉ። አጂፕ አካባቢ ሞባይል የሚጠግን ልጅ አለ። አንዲት የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ አለች። አፋን ኦሮሞና አማርኛ እየተቀላቀለ ይወራል። አንዱ በአንዱ ጀምሮ በሌላው ይጨርሳል፤ ማንም ልብ አይለውም።

«ሜከር» የሚለው ቃል አዲስ ነው። ነገሩ ግን ለጅማ አዲስ አይደለም። ባለ ሦስት እግሩ የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተጠርቦ ይወጣል፤ ምስማር የለው፣ ሙጫ የለው። ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያየ ሰው ስለ ከተማው የእንጨት እጅ ሌላ ምስክር አይፈልግም። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የነገሡ ናቸው። ሀጂ ስለ ቤተ መንግሥቱ ሲያወሩ ግን ስለ ንጉሡ አያወሩም። የሚያወሩት እንጨቱ ከእንጨቱ ስለተጋጠመበት ቦታ ነው። በጣቶቻቸው እያሳዩ ያወሩታል። እኔ እኚህን ሰው ሳውቅ ነው «እኛ ቴክኖሎጂ ይዘን መጣን» ማለት ያፈርኩት።

ገንዘባችን እንደ ዕቁብ ነው የሚሠራው። በየወሩ ሁሉም የአቅሙን ይጥላል፤ ወጪው ግን ለሰው ሳይሆን ተራው ለደረሰው ሥራ ይሄዳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ይህ ዕቁብ ከብዶናል። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። ከአዲስ አበባ የምናስመጣው ትንሽ ቺፕ ሁሉ አብሮ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ዋናው አቅራቢያችን ቆራሌው ሆኗል። የሞተ ቴሌቪዥን፣ የተሰበረ ፕሪንተር፣ ያበጠ የላፕቶፕ ባትሪ ሲያገኝ መጀመሪያ እኛን ያንኳኳል።

ማሽኑ

እትዬ በጅሬን በኩል ነው ቤታቸው። ዶሮ ያረባሉ። ችግራቸው ግልጽ ነበር። የሐበሻ ዶሮ ታቅፋ የምትፈለፍለው ከአሥር ከአሥራ ሁለት እንቁላል ብዙም አይበልጥም። ታቅፋ ሳለች፣ ኋላም ጫጩቶቿን ስታሳድግ እንቁላል አትጥልም። የፈረንጅ ዶሮ ደግሞ ብዙ ይጥላል እንጂ መታቀፍ አይወድም። «ማሽን የሚሠሩ ልጆች አሉ ሲሉ ሰምቼ ነው» ብለው አንድ ቅዳሜ መጡ። የገቡት እንደ ደንበኛ ነው። አግዳሚ ላይ አስቀመጥናቸው፣ ቡና አቀረብን፣ የሚፈልጉትን ጽፈን ሸኘናቸው።

ሀጂ ሳጥኑን ከኮምፐርሳቶ ሠሩት። ግድግዳው ድርብ ነው፤ መሃሉ በደረቅ ሰጋቱራ ተጠቀጠቀ። ሙቀቱን የሚሰጡት አራት ባለ 40 ዋት አምፖሎች ናቸው። አየሩን የሚያዞረው ከሞተ ኮምፒውተር የወጣ ማራገቢያ ነው። እንቁላሉን ወዲህና ወዲያ የሚያጋድለው ከጋራዥ የተገኘ የመኪና ዝናብ መጥረጊያ ሞተር ነው። ሁሉንም የሚያዘው አርዱዊኖ ነው። አርዱዊኖ እ.ኤ.አ. በ2005 ኢቭሪያ በምትባል የጣሊያን ከተማ ለተማሪዎች ተብሎ የተሠራ፣ በተጻፈለት ኮድ የሚሠራ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ነው። ንድፉን ማንም መቅዳት ስለሚችል ርካሽ ቅጂው እኛ ጋ ድረስ መጥቷል።

የእንቁላል ሥራ ይቅር አይልም። አየሩ በማራገቢያ በሚዞርበት ሳጥን ውስጥ ሙቀቱ 37.5 ዲግሪ አካባቢ መሆን አለበት። እርጥበቱ እስከ 18ኛው ቀን ከ50 እስከ 55 በመቶ፣ በመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት ከ65 እስከ 70 በመቶ። እስከ 18ኛው ቀን በቀን ብዙ ጊዜ መገልበጥ አለበት፤ ያለዚያ ፅንሱ ከቅርፊቱ ጋር ይጣበቃል። ሙቀቱ ሁለት ዲግሪ ቢወርድ ጫጩቱ ይዘገያል፣ ይደክማል፣ ብዙው ቅርፊቱን ሳይሰብር ይሞታል።

ስለዚህ የሙቀት መለኪያው እንዳይዋሽ ፈራን። የገዛነው ዲ ኤስ 18 ቢ 20 የሚባለውን ነው፤ የዚህ ቺፕ አስመስሎ የተሠራ ገበያው ላይ ሞልቷል። ከተማሪዎቹ አንዱ «ሳንፈትነው አንግባበት» አለ። ትክክል ነበር። የፈተናውን መንገድ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። «በረዶ ውስጥ ክተቱት፣ ዜሮ ማለት አለበት። የሚፈላ ውሃ ውስጥ ክተቱት፣ 100 ማለት አለበት።» በረዶው ውስጥ 0.1 አለ። ሀጂ ቤት ከሰል ላይ በተንተከተከው ውሃ ውስጥ ደግሞ 94.2 አለ። ብንጠብቅ፣ ብንጠብቅ ከዚያ አልወጣም።

«ላይ ላይ ይዋሻል» አልኩ። «በኮድ አስተካክሉት።»

ልጁ ቁጥሩን በ1.06 የሚያባዛ አንድ መስመር ጻፈ። ከዚያ በኋላ የሚፈላው ውሃ ቁጥሩን በሚያሳየው ሰሌዳ ላይ 100 ሆነ። ደስ አለን፤ ፎቶም ተነሣን።

ያልሰማነው ቃል

እትዬ 60 እንቁላል በጭድ በተሞላ ቅርጫት አምጥተው በእጃቸው ደረደሩ። በአራተኛው ቀን ሊያዩ መጡ። ቤቱ ተቆልፎ ነበር። ቁልፍ ያለን አራት ሰዎች ነን። አንድ ተማሪ ከክፍል እስኪመጣ ደጅ ላይ አንድ ሰዓት ያህል ቆመዋል። ገብተው አንድ እንቁላል አነሡና የዐይናቸው ቆብ ላይ አሳረፉት። ሌላም አነሡ። «ይቺ ቀዝቃዛ ናት» አሉት ተማሪውን በአፋን ኦሮሞ። «ከዶሮዋ ሥር ሳወጣት እንዲህ አይደለችም።»

ተማሪው ሰሌዳውን አሳያቸው። 37.5 ይላል። እሳቸውም ማንበብ ይችላሉና አነበቡት። «እንግዲህ እናንተ ታውቃላችሁ» ብለው ሄዱ።

ይህን የሰማነው ቅዳሜ ነው። ተማሪው እንደ ጨዋታ ነው የነገረን፤ ክፋት አልነበረውም። እኛም ፈገግ ብለን አለፍነው። እኔ ራሴ ያልኩትን አስታውሳለሁ። «የእጅ ስሜት ያታልላል» ነው ያልኩት። በፊዚክስ ክፍል በየዓመቱ የምለው ነው። ሦስት ሳህን ውሃ አምጥቼ፣ አንዱ ሙቅ፣ አንዱ ለብ ያለ፣ አንዱ ቀዝቃዛ፣ ተማሪ እጁን እየነከረ የሚደነግርበትን ሙከራ አሳይቼ የምለው ነው። ሙከራው እውነት ነው። እትዬ ላይ ግን አይሠራም ነበር። እሳቸው ከአንድ ሳህን ወደ ሌላ አልዘለሉም። ስንት ዓመት ያነሡትን እንቁላል ከዚያው እንቁላል ጋር ነው ያስተያዩት። ቴርሞሜትር ባልነበረበት ዘመን የግብፅ የእንቁላል ምድጃዎች ሠራተኞችም እንቁላሉን የዐይናቸው ቆብ ላይ አድርገው ነበር ሙቀቱን የሚያውቁት። ይህን ያነበብኩት ኋላ ነው።

በዘጠነኛው ቀን መብራት ሄደ። ስድስት ሰዓት ያህል አልመጣም። የባጃጅ ባትሪያችን ማራገቢያውንና አርዱዊኖውን ያዘ እንጂ 160 ዋት አምፖል የሚሸከም አይደለም። ብርድ ልብስ ደረብንበት። ስለዚህ 21ኛው ቀን በባዶ ሲያልፍ ጥፋተኛው ተዘጋጅቶ ጠበቀን። መብራት ነው! ማንም አልተከራከረም። ጅማ ውስጥ መብራት ነው ያልከውን የሚከራከርህ የለም።

ተጠያቂው ማን ነው

ይህን ያልተቀበለችው የመድኃኒት ቤት ሠራተኛዋ ናት። «ዶሮም እኮ ለመብላት ትነሣለች» አለች። ቀጥላ ከቦርሳዋ ትኩሳት የሚለካበትን ተራ ቴርሞሜትር አወጣች። የሰው ሙቀት መለኪያ ከ35 እስከ 42 ነው የሚያነበው፤ ለእንቁላል ልክ የሚያስፈልገው ቦታ ላይ ነው። ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጠችው። ሰሌዳው 37.5 ይላል። ቴርሞሜትሩ 35.3 ላይ ቆመ።

ቤቱ ጸጥ አለ።

ላፕቶፑ ተከፈተ። ኮዱን ከላይ ጀምረን ወረድን። 1.06 የምትለዋ መስመር ላይ ስንደርስ ሞባይል ጠጋኙ «ይቺ ከየት መጣች?» አለ። 37.5ን ለ1.06 አካፈለ። 35.4 ገደማ ሆነ። ልጁ ወደ እኔ አየ፤ ምንም አላለም። እኔም ምንም አላልኩም። ያን ቀን ዝም በማለቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ነገሩ የተገለጠልኝ ማታ ቤቴ ነው። ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ጠለል ላይ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ግፊቱ ይቀንሳል፣ ውሃው ቀድሞ ይፈላል። በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይወርዳል። ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት። ስለዚህ እዚህ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቺፑ አልዋሸም። ከማሸጊያው እንደወጣ ትክክል ነበር። ያበላሸነው እኛ ነን፤ ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

የሚያምመው ይህን አለማወቄ አይደለም። አስተምረዋለሁ! የግፊትን ምዕራፍ በየዓመቱ አስተምራለሁ። ደጋ ላይ ባቄላ ለመብሰል ለምን እንደሚቆይ ጠይቄ ተማሪ ፈትኛለሁ። ግን ያ ለፈተና ነበር። ሀጂ ቤት ከሰል ላይ የተንተከተከው ውሃ ጅማ ውስጥ ያለ ውሃ እንደሆነ አላሰብኩም። ቁጥሩን ከመጽሐፍ አመጣሁት፤ መጽሐፉ ደግሞ ከባሕር ዳርቻ ነው ያመጣው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቆሜ ተናገርኩ። እትዬም ነበሩ፤ ሀጂ ሰው ልከው አስጠርተዋቸዋል። በአፋን ኦሮሞ ጀመርኩ፣ ግፊት ላይ ስደርስ ቃሉ ጠፋኝና በአማርኛ ቀጠልኩ። ተማሪው አሟላልኝ። «በአራተኛው ቀን የተናገሩት ትክክል ነበር፤ ባለመስማታችን ነው እንቁላልዎ የጠፋው» አልኳቸው።

ሞባይል ጠጋኙ ዝምታውን ሰበረ። ሥራ በጀመረበት ሰሞን ባትሪ በካቻቢቴ ፈልቅቆ የደንበኛ ስልክ እንዳቃጠለ፣ ለደንበኛውም «ሲመጣም የተቃጠለ ነበር» ብሎ እንደዋሸ ተናገረ። ማንም አልጠየቀውም። አንዱ ተማሪም የራሱን ጨመረ። ያን ከሰዓት አንድም ሽቦ አልተበየደም። ሁለት ዓመት አብረን ስንሠራ እንዲህ ተነጋግረን አናውቅም ነበር።

ቁልፉ

ክርክሩ የመጣው ገንዘቡ ላይ ነው። አንዱ «ሙከራ እንደሆነ ያውቁ ነበር» አለ። ሀጂ ቆጣ አሉ። «የሰው ንብረት አጥፍተን ሙከራ ነው አንልም» አሉ። የ60ውን እንቁላል ዋጋ ከዕቁባችን ልንከፍል ተስማማን። የዚያን ወር ሥራ በሙሉ ማስቀረት ማለት ነበር።

እትዬ ብሩን አልተቀበሉም።

«ብሩን አልፈልግም። ቁልፉን ስጡኝ» አሉ።

መጀመሪያ አልገባንም። ከዚያ አስረዱን። ማሽኑ ጠዋትና ማታ የሚያየው ሰው ይፈልጋል። ተማሪው ክፍል አለው፣ ቲቸር ሥራ አለው፣ ሀጂ ጆሯቸው እንደ ድሮው አይሰማም። እሳቸው ገበያ ሲወርዱ በዚያ ያልፋሉ። በአራተኛው ቀን ደጅ ላይ ባይቆሙ፣ በአምስተኛውም በስድስተኛውም ይመጡ ነበር። ደጋግመው ይናገሩ ነበር። አንድ ጊዜ የተናገረን እንግዳ ቸል ማለት ይቻላል፤ በየቀኑ ገብቶ የሚናገርን ሰው ግን ቸል ማለት ይከብዳል።

አምስተኛ ቁልፍ አስቀረጽን። ሀጂ በሻሽ ቁራጭ ቋጥረው ሰጧቸው።

እኔ እንደማየው የዚህ ቡድን ታሪክ ከቁልፉ በፊትና ከቁልፉ በኋላ ተብሎ ይከፈላል። እስከዚያ ድረስ ሁለት ዓይነት ሰው ነበረን፤ የሚሠራና የሚሠራለት። የሚሠራለት ሰው ይመሰገናል፣ ቡና ይጠጣል፣ አስተያየት ይሰጣል። አስተያየቱ ግን የትም አይጻፍም። እትዬ ያንን መስመር ያለ ብዙ ንግግር አለፉት። ሌላም ነገር ተከተለ፤ ይህን ማናችንም አላሰብነውም። ቀደም ሲል ሁለት ሴት ተማሪዎች መጥተው ቀርተውብን ነበር። ሥራው እየመሸ ስለሚያልቅ፣ ወደ ግቢ የሚወስደው መንገድም ስለሚጨልም ነው። እኛ ፍላጎት ያጡ መስሎን ነበር። እትዬ ቤቱን እሑድ ጠዋት መክፈት ሲጀምሩ ሁለቱም ተመለሱ። አንደኛዋ አሁን ኮዱን የምትይዘው ናት።

ሁለተኛው ዙር

1.06ን አጠፋናት። እትዬ 48 እንቁላል አመጡ። በሰባተኛው ቀን ክፍሉን አጨልመን በስልክ መብራት አየናቸው። ሕይወት ያለው እንቁላል ውስጥ ቀያይ ሥሮች እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግተው ይታያሉ። ዘጠኙ ባዶ ነበሩ፤ አወጣናቸው።

መጨረሻ ላይ ሌላ ችግር መጣ። እርጥበቱን ከፍ ስናደርግ የሳጥኑ በር አብጦ አልዘጋ አለ። ሀጂ ሳጥኑን ሳያነቃንቁ ጠርዙን በመላጊያ ላጡት፤ ከፍልፈላው በኋላ ደግሞ ቫርኒሽ ቀቡት። «እንጨቱን ውሃ እንደምታጠጡት አልነገራችሁኝም» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ አልነገርናቸውም። የእርጥበቱን ቁጥር ተማሪዎቹ ያውቃሉ፣ እንጨቱን ሀጂ ያውቃሉ፣ ሁለቱን ያገናኘ ሰው አልነበረም።

በ20ኛው ቀን ሌሊት የመጀመሪያው እንቁላል ተሰነጠቀ። በነጋታው ማታ 31 ጫጩት ቆጠርን። እትዬ አንድ በአንድ እያነሡ እግራቸውን አዩ፣ እንብርታቸውን አዩ። «እነዚህ ያድጋሉ» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር ተለውጧል። ኮድ ውስጥ ቁጥር የሚያስገባ ሰው ቁጥሩ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንዳለው ከጎኑ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ይጽፋል። ተማሪ ተመርቆ ይሄዳል፤ ያልተጻፈ ነገር አብሮት ይሄዳል። የማሽኑ መዝገብ ላይም አራት ዓምድ አለ። ሰዓት፣ ሰሌዳ፣ የትኩሳት ቴርሞሜትር፣ ዐይን። አራተኛውን የሚሞሉት እትዬ ናቸው። «ደህና» ወይም «ለብ» ብለው ይጽፋሉ። «ለብ» ባሉበት አንድ ቀን ከአራቱ አምፖሎች አንዱ ተቃጥሎ አገኘነው፤ ሰሌዳው ገና 37.1 ይል ነበር።

የመብራቱ ችግር አልተፈታም። አምፖሎቹን ለሰዓታት የሚሸከም ባትሪ ከዕቁባችን አቅም በላይ ነው። ከአሮጌ የላፕቶፕ ባትሪዎች ደህና ደህናዎቹን ሴሎች እየመረጥን እየሞከርን ነው። ቀስ ብለን ነው የምንሄደው፤ ሊቲየም በጥንቃቄ ካልተያዘ ቤት ያቃጥላል፣ ያ ቤት ደግሞ የሀጂ ነው።

1.06ን የጻፈው ልጅ ተመርቆ ጋምቤላ ሥራ አገኘ። እዚያም እንደኛ ያለ ማሽን ሊሠራ ነው። ባለፈው ደውሎ «ቲቸር፣ እዚህ ውሃ በስንት ይፈላል?» አለኝ። ጋምቤላ ቆላ ናት፤ ከ98 ዲግሪ ያልፋል አልኩት። ሂሳቡን አብረን ሠራን። ከዚያ ስለ እንቁላሉ ጠየቀኝ። በዚያ ሙቀት፣ ክፍሉ ራሱ በሚግልበት አገር፣ እንቁላሉ ዐይን ላይ ምን ዓይነት ሊሰማው እንደሚገባ ነበር ጥያቄው።

ስልኩን ለእትዬ ሰጠኋቸው። ግማሽ ሰዓት አወሩ።